የተጎጂው ካሣና የልጆች ውዝፍ



በዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ቆሻሻ ማውጫ ቀንና ስለ እድር መዋጮ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ሰው በይፋ የማያወራው፣ በየቤቱ ግን ያለ ነው። ይኸውም በመኪና አደጋ ወይም በሥራ ቦታ ጉዳት የደረሰበት አባት ከብዙ ወራት ክርክር በኋላ የካሣ ገንዘቡ ሊከፈለው ሲል፣ «ያልተከፈለ የልጅ ማሳደጊያ አለብህ» ተብሎ ሲያዝበት የሚነሣው ጭቅጭቅ ነው። ለዚህ ማሳደጊያ እዚህ አገር ሁላችንም የለመድነው ስም ቻይልድ ሰፖርት ነው፤ በአገራችን ፍርድ ቤት ደግሞ ቀለብ ይባላል። ስሙ ምንም ይሁን ምን ነገሩ የልጅ እንጀራ ነው።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ከምንኖረው ወገኖች ብዙዎቻችን ታክሲና ኡበር እየነዳን፣ በመኪና ማቆሚያና በመጋዘን እየሠራን የምንተዳደር ነን። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ለአደጋ ቅርብ መሆኑ የታወቀ ነው። ትዳር መፍረሱም አልቀረልንም። ስለዚህ የአደጋ ካሣና የልጅ ማሳደጊያ ውዝፍ በአንድ ሰው ላይ ቢገናኙ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ነገሩ እስኪደርስ ድረስ ማንም ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አለማለቱ ነው።

ሲደርስ የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። «ደሜን አፍስሼ ያገኘሁትን እሷ ወሰደችው» ይባላል። «ጠበቃው ሸጠኝ» ይባላል። «መንግሥት ዘረፈኝ» ይባላል። እነዚህ ሦስት ንግግሮች በቡና ላይና በታክሲ ተራ ሲደጋገሙ እውነት እየመሰሉ ሄደዋል። በእኔ አስተያየት ሦስቱም ልክ አይደሉም፤ ልክ ባለመሆናቸውም ሰውን ከሚጠቅመው መንገድ እያራቁት ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ «እሷ ወሰደችው» ስለሚባለው። እዚህ አገር የልጅ ማሳደጊያ የእናትና የአባት የግል ጉዳይ ሆኖ መታየት ካቆመ ቆይቷል። የፌዴራሉ መንግሥት ይህን የሚከታተል ሥርዓት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ መሥሪያ ቤት አለው፤ እኛ ዘንድ የሜሪላንድ የልጅ ማሳደጊያ አስተዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ በውዝፉ መጠን በተበዳሪው ንብረት ላይ መያዣ በሕግ ኃይል እንዲቆም አድርጓል። አንዱ ግዛት ያቆመውን መያዣ ሌላው ግዛት እንዲያከብርም ያዛል። ስለሆነም ትእዛዙ በሌላ ግዛት የተሰጠ፣ አደጋው ግን ሜሪላንድ ውስጥ የደረሰ ቢሆን፣ ድንበር ተሻግሬአለሁና አያገኘኝም ማለት አይቻልም።

ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ የፌዴራል ሕግ፣ ውዝፍ ያለባቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከቀረቡ የካሣ ጥያቄዎች ጋር እንዲመሳከር ፈቅዷል። የሚያመሳክረው ኮምፒዩተር ነው። በማሳቹሴትስ ኢንሹራንሱ 500 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የአንድ ጊዜ ክፍያ ከመክፈሉ በፊት የተከፋዩን ስም ማጣራት ግዴታው ነው። እንግዲህ አባትየው አደጋ እንደደረሰበት እናቲቱ ጭራሽ ሳትሰማ ገንዘቡ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። እሷ ላይ መዛት፣ ዘመዶቿን ማስቀየም፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ልጁን «እናትህ እንዲህ አደረገችኝ» ማለት ከንቱ ከመሆኑም በላይ ነውር ነው።

ሁለተኛው «ጠበቃው ሸጠኝ» የሚለው ነው። ጠበቃው መያዣ መኖሩን እያወቀ ገንዘቡን በሙሉ ለደንበኛው ቢያስረክብ ራሱ ተጠያቂ ይሆናል። በኒው ጀርሲ ለምሳሌ ለደንበኛው የሚደርሰው የተጣራ ገንዘብ ከ2,000 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ጠበቃው ገንዘቡን ከማከፋፈሉ በፊት ደንበኛው በልጅ ማሳደጊያ የተፈረደበት መሆን አለመሆኑን እንዲያጣራ ሕጉ ያስገድደዋል። ካለበት መጀመሪያ እሱ ይከፈላል። ጠበቃ ደንበኛውን የሚያድነው እውነቱን በጊዜ ሲያውቅ ነው። ከጠበቃው የደበቅነው ውዝፍ ቼኩ ሊጻፍ ሲል ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ለመነጋገርም ለመደራደርም ጊዜ የለም።

ሦስተኛው «መንግሥት ዘረፈኝ» የሚለው ትንሽ ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ውስጥ የእውነት ጭላንጭል ያለበት ይህኛው ነው።

የአካል ጉዳት ካሣ አንድ ነገር አይደለም። በውስጡ የሕክምና ወጪ አለ፤ ሥራ በመፈታቱ የቀረ ደመወዝ አለ፤ ለሥቃዩም የሚሰጥ አለ። እንግዲህ የቀረው ደመወዝ ቢከፈል ኖሮ የልጁ ድርሻ ከዚያው ላይ ይቆረጥ አልነበረምን? ደመወዙ በካሣ መልክ ሲመለስ የልጁም ድርሻ አብሮት መመለሱ ፍትሕ ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት በየሳምንቱ የሚከፈለውን ካሣ ሕጉ እንደ ደመወዝ ቆጥሮ ማሳደጊያውን ከዚያው ላይ የሚያስቆርጠው በዚሁ ምክንያት ነው። አባት ሲታመም ልጅ መብላት አያቆምም፤ ጫማውም መጥበቡን አያቆምም።

ነገር ግን ወገቡ የተሰበረ፣ ገና ሌላ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው አለ። ለእሱ ካሣው የነገ አካሉ ነው። ያለችውን ሁሉ ወስዶ ባዶ እጁን ማስቀረት ልጁንም አይጠቅመውም፤ ያልዳነ አባት ተመልሶ አይሠራም፣ ካልሠራም አይከፍልም። ስለዚህ የልጁ ድርሻ እንዲከበር፣ የተጎጂው መዳኛም እንዳይነካ የሚያደርግ ልክ ያስፈልጋል።

ይህን ልክ በማበጀት በኩል የምንኖርበት የሜሪላንድ ሕግ ደኅና ነው እላለሁ። በሜሪላንድ በፍርድ የጸና የልጅ ማሳደጊያ ውዝፍ ከአካል ጉዳት ካሣ ላይ ሊወስድ የሚችለው ከተጣራው ገንዘብ 25 በመቶውን ነው። የተጣራ ማለት የጠበቃ ክፍያ፣ የክርክሩ ወጪ፣ የሕክምና ዕዳና ከጉዳቱ ጋር የተያያዙ ሌሎች መያዣዎች ከተከፈሉ በኋላ ለተጎጂው የሚተርፈው ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል በቁጥር እንየው። አንድ ሾፌር በ60,000 ዶላር ተስማማ እንበል። ለጠበቃው አንድ ሦስተኛ፣ ማለት 20,000 ሄደ። ለክርክሩ ወጪ 2,000፣ ለሐኪም ቤት 14,000 ተከፈለ። የተጣራው 24,000 ዶላር ነው። የልጅ ማሳደጊያ ውዝፉ ደግሞ 18,000 ይሁን። በሜሪላንድ ሕግ ከ24,000ው ላይ ሩቡ፣ 6,000 ዶላር ለልጁ ይሄዳል፤ 18,000 በእጁ ይቀራል። የኒው ጀርሲው ሥርዓት ቢሆን ግን ውዝፉ በሙሉ ከተጣራው ላይ ይነሣና በእጁ የሚቀረው 6,000 ዶላር ብቻ ነው። ያው አደጋ፣ ያው ጉዳት፣ ያው ውዝፍ ሆኖ በግዛት ብቻ ይህን ያህል ይለያያል። ስለዚህ በሌላ ግዛት የሚኖር ዘመድ በስልክ የሚነግረንን ይዘን «እንዲህ ነው ሕጉ» ብለን ባንፈርድ መልካም ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሩቡ ተወሰደ ማለት ውዝፉ ተዘጋ ማለት አይደለም። ከላይ በጠቀስኩት ምሳሌ 12,000 ዶላር ይቀራል፤ እሱም ይከተላል። ከደመወዝ ይቆረጣል፤ የታክስ ተመላሽ ይያዛል፤ መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድ ይደርሳል፤ ከ2,500 ዶላር በላይ ሲሆን ፓስፖርት ያስከለክላል። ለሾፌር መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው፤ አገር ቤት እናቱ ለታመመችበት ሰው ደግሞ ፓስፖርት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በኪሳራ ሕግ ዕዳዬን አሰርዛለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግም ካለ፣ የልጅ ማሳደጊያ በዚያ ከማይሰረዙት ዕዳዎች አንዱ መሆኑን ይወቅ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ውዝፉ ለምን ይከማቻል የሚለው ነው። ልጁን የማይወድ፣ ሆን ብሎ የሚሸሽ አባት የለም አልልም፤ አለ። ስለ እሱ ይህ ጽሑፍ ምንም የሚለው የለውም፤ ሕጉ ያግኘው። በእኛ ሠፈር በብዛት የማየው ግን ሌላ ነው። ልጁን እየወደደ፣ እየከፈለም ጭምር ውዝፍ ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል።

አንደኛው እጅ በእጅ መስጠት ነው። «እሁድ እሁድ ሦስት መቶ ዶላር እሰጣታለሁ፤ ጫማና ጃኬት እገዛለሁ፤ ኧረ ልደቱንም እኔው ነኝ የደገስኩት» ይላል። ጥሩ አባት ነው። ይሁን እንጂ በትእዛዙ መሠረት በመሥሪያ ቤቱ በኩል ያላለፈና ማስረጃ የሌለው ገንዘብ በመዝገቡ ላይ እንዳልተከፈለ ሆኖ ይቀመጣል። ጫማውና ጃኬቱማ ስጦታ ነው፤ ከማሳደጊያው ላይ አይቀነስም። አራት ዓመት ሙሉ የሰጠ ሰው የአራት ዓመት ውዝፍ ተጽፎበት ይገኛል።

ሁለተኛው የሽማግሌ ዕርቅ ነው። ይህን ስጽፍ ሽማግሌዎቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስንቱን ቤት ከመፍረስ አድነዋል። ነገር ግን አባትና እናት በሽማግሌ ፊት «ከእንግዲህ ስድስት መቶውን አራት መቶ አድርገነዋል» ብለው ቢስማሙ፣ ተሳስመውም ቢለያዩ፣ ዳኛው ትእዛዙን እስካልለወጠ ድረስ መዝገቡ በየወሩ ስድስት መቶ ይጽፋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ልዩነቱ 7,200 ዶላር ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን አደጋ ይደርሳል፤ ካሣ ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹም እናቲቱም የረሱት ገንዘብ ይነሣል። እናቲቱ «እኔ ትቼዋለሁ» ብትል እንኳ ለእሷ የሚገባውን ውዝፍ መተው የምትችለው በጽሑፍና በሕጉ መንገድ ነው። ልጁን ስታሳድግ ከመንግሥት የገንዘብ ርዳታ ተቀብላ ከነበረ ደግሞ የዚያ ጊዜ ውዝፍ ለመንግሥት የተላለፈ ስለሚሆን እሷ ልትተወው አትችልም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ከአደጋው በኋላ ዝም ማለት ነው። ሰውየው ተጎድቷል፤ አልጋ ላይ ነው፤ ሥራ የለም፤ ገቢ የለም። «እንዳልሠራ እያወቁ እንዴት ይጠይቁኛል?» ብሎ ያስባል። ማንም አያውቅለትም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው፣ በኒው ጀርሲው ሴናተር በቢል ብራድሊ ስም የሚጠራው የሕግ ማሻሻያ፣ እያንዳንዱ የወር ክፍያ ቀኑ ባለፈ ጊዜ እንደ ፍርድ እንዲቆጠር አድርጓል። ያለፈውን ወር ወደ ኋላ ተመልሶ መቀነስ አይቻልም። ዳኛው ሊቀንስ የሚችለው የማሻሻያ አቤቱታው ከቀረበበት ቀን ወዲህ ያለውን ነው፤ የሜሪላንድም ሕግ ይህንኑ ይላል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ተጎድቶ ታኅሣሥ ላይ ያመለከተ ሰው የሰባት ወሩን ዕዳ እንዳለ ይሸከማል፤ የሐኪም ወረቀት ቁልል ቢያመጣም አይረዳውም። ዳኛው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሥልጣን ስለሌለው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኼኔ ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው፣ እሱ ካልቻለም ወንድሙ ወይም ጓደኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያደርገው የሚገባው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ለአደጋው ጠበቃ ሲይዝ በመጀመሪያው ቀን «የልጅ ማሳደጊያ ትእዛዝ አለብኝ፣ ይህን ያህል ወር ሳልከፍል ቀርቻለሁ» ብሎ መናገር።

ሁለተኛ፣ ሥራ ያቆመበትን ቀን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ይዞ ክፍያው እንዲሻሻል ወዲያው ለፍርድ ቤት ማመልከት። ለዚህ የካሣውን ክርክር መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚቆጠረው የማመልከቻው ቀን ነው።

ሦስተኛ፣ ከልጅ ማሳደጊያው መሥሪያ ቤት የውዝፉን ዝርዝር በጽሑፍ መጠየቅ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የተከፈለ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ስማችን በተለያየ አጻጻፍ ስለሚገባም የአንዱ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለምንጠቀም ሞክሼ የበዛብን ሕዝብ ነን። መያዣው የእኔ አይደለም ወይም መጠኑ ተሳስቷል የሚል ሰው የሚከራከርበት መንገድ አለ፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ግን መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ቢቻል ትንሽም ቢሆን እየከፈሉ መቆየት፤ ደረሰኙንም አለመጣል።

አምስተኛ፣ ካሣው ሲመጣ የትኛው ገንዘብ ለምን እንደተሰጠ በስምምነቱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ጠበቃውን መጠየቅ። የቀረ ደመወዝ ምትክ የሆነው ክፍል የወደፊቱን ማሳደጊያ ሲወስኑ እንደ ገቢ ሊታይ ይችላልና።

ይህ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም። ዓላማው ሰው ጠበቃው ፊት ሲቀርብ ምን መጠየቅ እንዳለበት አውቆ እንዲሄድ ነው።

ለእናቶችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅ ለብቻ ማሳደግ ምን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ውዝፉ የምትለምኑት ገንዘብ ሳይሆን ልጁ ያልበላው፣ እናንተም ሁለት ፈረቃ እየሠራችሁ የሞላችሁት ነው። መጠየቃችሁ አያሳፍርም፤ «የበሽተኛ ገንዘብ ተቀበለች» የሚላችሁም ካለ አትስሙት። ነገር ግን እጅ በእጅ የተቀበላችሁትን በጽሑፍ አረጋግጡ። እውነቱን መመስከር ለእናንተም ይበጃል፤ ልጁ አድጎ መዝገቡን ሲያነብ የሚያየው የሁለታችሁንም ስም ነውና።

ለሽማግሌዎቻችን ደግሞ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አስታርቁ፤ ሥራችሁ የተቀደሰ ነው። ብቻ ከገንዘቡ ላይ ስትደርሱ በቃል አትጨርሱት። «ይህን የተስማማችሁበትን ለዳኛው አቅርባችሁ ትእዛዙን አስለውጡ፤ እስከዚያ ድረስ ግን እንደ ቀድሞው ክፈል» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በዕርቁ መጨረሻ ላይ ብትጨመር ስንቱን ሰው ከውዝፍ ታድን ነበር።

ማኅበራችንም ቢሆን ከዚህ ውጪ አይደለም። ሰው ሲሞት እንቀብራለን፤ ሲታመም ሾርባ ይዘን ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ይህ ባሕላችን ነው፤ ያኮራናል። ታዲያ በሽተኛ ስንጠይቅ «አይዞህ፣ ይማርህ» ካልን በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «የልጆቹን ነገር ለፍርድ ቤት አሳውቀሃል ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ምን ይቸግረናል? እንግሊዝኛው የሚከብደው ካለ ደብዳቤውን የሚያነብለት፣ ፍርድ ቤት የሚሸኘው አንድ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ኮሚቴው በወር አንድ ቅዳሜ ይህን ለመሰለ ጉዳይ ቢመድብ፣ ጉዳዩም በምሥጢር ቢያዝ፣ ወጪው ከአንድ ጀበና ቡና አይበልጥም።

በአገራችን «ያባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል ኖሯል፤ አባት የተበደረውን ልጅ ይከፍላል ማለት ነው። በዚህ ነገር ግን አበዳሪው ልጅ ነው። አበዳሪነቱንም አልመረጠም፤ ሳይጠየቅ ነው ያበደረው። የአባቱ አጥንት ተሰብሮ ከተገኘው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ሲቀበል አባቱን ጎዳ አይባልም። የሚጎዳው ውዝፉ ተደብቆ፣ ተረስቶ፣ በቃል ታልፎ ቆይቶ አባትየው በደከመበት ቀን ሲገለጥ ነው። ያን ቀን ለመከላከል የሚያስፈልገው አንድ ማመልከቻ፣ አንድ እውነተኛ ቃል ለጠበቃ፣ ጥቂትም ደረሰኝ ነው።

አሳብ ወይም ተቃውሞ ያላችሁ ነዋሪዎች ጽፋችሁ ከሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ብትጨምሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እንነጋገርበታለን።

ከአክብሮት ጋር፤
ከማኅበሩ አባላት አንዱ